«የሥራ ባልደረባዬ ናት»

በዚህ ዓምድ ስለ ትምህርት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ካምፕ ኑሯችን ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ጎራ እንላለን። ቴሌቪዥን ስንል የሰፈራችንን ቪዲዮ ቤት ማለታችን ነው እንጂ እቤቱ ዲሽ የሰቀለውን አይደለም፤ እሱን ለባለ ዲሾቹ ትተናል።

ሰሞኑን ልጆቹ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በፍላሽ ይዘው መጥተው ማታ ማታ ይታያል። ገና ስሙ ሲነገር ያልሳቀ የለም። «ፋይል» የሚለው ቃል እዚህ ካምፕ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። በፊልሙ ውስጥ «ኤክስ ፋይል» የሚባለው መፍትሔ የታጣለት፣ ማንም ሊነካው የማይፈልገው፣ ምድር ቤት ወርዶ አቧራ የሚጠጣ መዝገብ ነው። ይህን ስናስረዳ አንድ አባት «እንግዲያው የኔም ፋይል እዚያ ነዋ ያለው!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ልጆቹን ያወዛገባቸው ግን ከሰማይ የመጡት ፍጡራን ጉዳይ አይደለም። እሱን ቶሎ ለመዱት። ያወዛገባቸው ሁለቱ መርማሪዎች፣ ሞልደርና ስካሊ፣ «ይዋደዳሉ ወይስ አይዋደዱም?» የሚለው ነው። አንዱ «አይታይህም አስተያየቱ!» ይላል። ሌላው «አንተ ደግሞ! የሥራ ባልደረባው ናት» ይላል። ከዚያ ወደኛ ይዞራሉ፤ «ቲቸር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» እኛም ለአንድ ምሽት የማይበቃ ነገር ሆኖብን ወደዚህ ዓምድ አመጣነው።

መጀመሪያ ታሪኩን ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙ በፎክስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በመስከረም 1993 ሲሆን የፈጠረው ክሪስ ካርተር ይባላል። ፎክስ ሞልደር (ዴቪድ ዱኮቭኒ) የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ማለትም የኤፍ ቢ አይ መርማሪ ነው። እህቱ በልጅነቷ ጠፍታበት፣ የወሰዷት ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው ብሎ ያምናል። ዳና ስካሊ (ጊሊያን አንደርሰን) ሐኪም ናት፤ በዓይኗ ያላየችውን፣ በላቦራቶሪ ያልተመረመረውን አታምንም። አለቆቿ እሱ ዘንድ የላኳት ሥራውን እየተከታተለች ሪፖርት እንድታቀርብ ነው። በእኛ ቋንቋ ጆሮ ጠቢ ሆና ነው የገባችው ማለት ይቻላል። እሱም ያውቃል። እንዲህ ተጀምሮ ነው እንግዲህ አንዱ ለሌላው ነፍሱን እስከ መስጠት የደረሱት። እስከ ግንቦት 2002 ድረስ 9 ሲዝን ሄደ፤ በ2016 እና በ2018 ደግሞ ተመልሶ መጣ። ተደምሮ 218 ክፍል ነው።

ታዲያ እውነተኛዋን ስካሊ ሞልደር በቴሌቪዥኑ ላይ የሳማት መቼ ነው ብትሉ፣ በኅዳር 1999 በታየው ክፍል፣ በ7ኛው ሲዝን ነው። ከ6 ዓመት በላይ መሆኑ ነው! እሷም ብትሆን የዘመን መለወጫ ሰዓት ሲደወል፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አጠር ያለች መሳም ናት። ከዚያ እሱ ዓለም አለመጥፋቷን ይናገራል፤ ተያይዘው ይወጣሉ፤ አለቀ። በሚቀጥለው ክፍል ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ሬሳ ሲመረምሩ ታገኟቸዋላችሁ።

እኛን እንደ አማርኛ አስተማሪ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ ሲሠሩ ዘመናቸውን ሁሉ የሚጠራሩት በአባት ስም ነው። «ሞልደር» ትላለች፤ «ስካሊ» ይላል። በመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ አካባቢ አንድ ማታ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እሷ «ፎክስ» ብላ በስሙ ትጠራዋለች። ሳቅ ይልና ወላጆቹን እንኳ ሞልደር ብለው እንዲጠሩት እንዳደረጋቸው ይነግራታል። እሷም ትመልሰዋለች። እንግሊዝኛ «አንተ»ና «እርስዎ»ን ስለማይለይ ይህችን ስም ባትኖር ምንም አናውቅም ነበር። አሁን ይህን ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ምን ያደርጋል? በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ነው የሚባባሉት፤ ይህ ጥያቄ የለውም። እሺ፣ «አንቺ» የሚላት በስንተኛው ክፍል ነው? በ10ኛው? በ50ኛው? እሷስ «አንተ» ለማለት ስንት ክፍል ትፈጅ ይሆን? የሀገራችንን መሥሪያ ቤት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። ከመዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሒሳብ ሹሙን «አቶ እገሌ፣ እርስዎ» ስትል ከርማ አንድ ቀን ሳታስበው «ናና ቡና ጠጣ» ካለች ቢሮው በሙሉ ቀና ይላል። ሌላ መረጃ አያስፈልገውም። ፈረንጆቹ 6 ዓመት የደከሙበትን እኛ ባንዲት ፊደል እንጨርሰዋለን ማለት ነው።

የ1998ቱን ነገር ደግሞ ሳናነሳ አናልፍም። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር የሲኒማ ፊልም ሆኖ ወጣ። እዚያ ውስጥ ሞልደርና ስካሊ ኮሪደር ላይ ቆመዋል፤ እሷ ሥራ ልትለቅ ነው፤ እሱ ያለ እሷ እንደማይሆንለት ይነግራታል፤ ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ሲሉ አንዲት ንብ ከልብሷ ውስጥ ወጥታ አንገቷን ትነድፋታለች። ትወድቃለች። መሳሙም በዚያው ቀረ። ከነፍጠኛ አባት ይልቅ ንብ ከለከለቻቸው እንበል? በጊዜው ሲኒማ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ጮኸ ይባላል፤ እኛም ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሰምተነዋል።

በዚያው ፊልም መጀመሪያ አካባቢ ዳላስ ከተማ ውስጥ ቦምብ አንድ ሕንፃ ያፈርሳል። ያ በታየ በሁለተኛው ወር፣ ነሐሴ 7 ቀን 1998፣ እውነተኛው ቦምብ እዚሁ ናይሮቢ ፈነዳ። የአሜሪካ ኤምባሲ ያኔ የነበረው መሐል ከተማ፣ ሞይ ጎዳናና በንጉሣችን ስም የተሰየመው የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ከሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። 213 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የሰፈሩ ሠራተኞችና መንገደኞች የነበሩ ኬንያውያን ናቸው። በዚያ ሳምንት የእውነቶቹ የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች በብዛት መጥተው ፍርስራሹን አበጠሩ። ኤምባሲው ከዚያ ወዲያ ከከተማው ወጥቶ ጊጊሪ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ግቢ ፊት ለፊት ተሠራ፤ በ2003 ገቡበት። ጉዳያችሁ ኤምባሲ ያደረሳችሁ ሰዎች ያንን አጥር የምታውቁት ለዚህ ነው።

ወደ ጨዋታችን እንመለስ። ደራሲዎቹ ለምን ያጓትቱታል? ክሪስ ካርተር ከመጀመሪያው ሁለቱ እንዲዋደዱ አልፈለገም፤ ታሪኩ በማመንና ባለማመን ክርክር እንዲሄድ ነበር ሐሳቡ። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቤት አንድ ፍርሃት አለ። ከ1985 እስከ 1989 የታየ «ሙንላይቲንግ» የሚባል ፊልም ነበር፤ ብሩስ ዊሊስን ያስተዋወቀው ነው። ሲጨቃጨቁ የሚውሉ ሁለት ባልደረቦች በ1987 አብረው አደሩ፤ ከዚያ ተመልካቹ ሸሸ። «አዩ፣ ካገናኟቸው ሰው ይበተናል» የሚለው ትምህርት ከዚያ ወጣ። እኛ ግን ይሄን ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። በዚያው ሰሞን ተዋናይቷ ሲቢል ሼፐርድ መንታ አርግዛ ነበር፣ ዊሊስ ወደ ሲኒማው አዘነበለ፣ በ1988 ደግሞ የደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። ሁለቱ አብረው መታየት ሲያቆሙ ሰው ቢሄድ ጥፋቱ የፍቅሩ ነው እንዴ?

የማጓተትን ኃይል ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሀገሩ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳመጠው ለምንድን ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. (ይህ በኛው አቆጣጠር ነው) ያሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ አንብቦ የጨረሰው ሰው መጨረሻውን ያውቃል። ግን ያው ሰውዬ በትረካው ሰዓት ሬዲዮው ሥር ቁጭ ነው። በዛብህ ሰብለወንጌልን ሊያስተምር ነው የገባው። አስተማሪዋ ነው! ሞልደርና ስካሊ ቢያንስ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ በዛብህን ግን የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ደረጃ ያነቀው ነው። እዚያ ንብ አላስፈለገም።

አንዳንዴ የሚከለክለው ደንብ ነው። «ስታርጌት» የሚባለው ተከታታይ ፊልም (ከ1997 እስከ 2007 ታይቷል) ለዚህ ከ«ኤክስ ፋይልስ» የተሻለ ነው ባይ ነን፤ ልጆቹ ይቅር ይበሉን። ኮሎኔል ኦኒል አዛዥ ነው፤ ሳማንታ ካርተር የፊዚክስ ሊቅና የሱ የበታች መኮንን ናት። የአሜሪካ አየር ኃይል አዛዥና ታዛዥ እንዲዋደዱ አይፈቅድም። በ2000 በታየ አንድ ክፍል ሁለቱ ውሸት በሚያጋልጥ ማሽን ላይ ይቀመጣሉ፤ ካላመኑ ሞት አለ። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ከሚገባው በላይ እንደሚወድ በምስክር ፊት ይናገራሉ። ከዚያ ምን አደረጉ? ያሉት ነገር ከዚያ ክፍል እንዳይወጣ ተስማሙና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለቀሩት ዓመታትም እንደዚያው። እኛ ይህን ስናይ አልሳቅንም። አለቃ የሆነ ሰው ሥልጣኑን ለፍላጎቱ ያልተጠቀመበትን ታሪክ ስንት ጊዜ ነው የምናየው?

ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለምና። በ2002 በምዕራብ አፍሪካ ካምፖች የእርዳታ ሠራተኞች ለምግብና ለእርዳታ ብለው ልጃገረዶችን እንደሚደፍሩ የሚያጋልጥ ሪፖርት ወጣ። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ መመሪያ አወጡ፤ ዛሬም ይሠራል። እርዳታን በወሲብ መለወጥ ክልክል ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር፣ የሀገሩ ሕግ ቢፈቅድ እንኳ፣ ክልክል ነው፤ በሠራተኛና እርዳታ በሚቀበል ሰው መካከል የሚደረግ የፍቅር ግንኙነትም ሚዛኑ እኩል ስላልሆነ በጥብቅ የማይደገፍ ነው። እናቶች፣ ይህን ለሴት ልጆቻችሁ ንገሯቸው። ወረቀት የያዘ ሰው ሲያሽኮረምም የሥራ ባልደረባ አይባልም።

እኩል ለሆኑት ግን ደንቡ ያን ያህል የከፋ አይደለም። ባልና ሚስት በአንድ የመንግሥታቱ ድርጅት ውስጥ መሥራት ይችላሉ፤ የማይፈቀደው አንዱ የሌላው አለቃ መሆኑ ነው። ሙቭመንት ፓስ አውጥተን ለመምህራን ሥልጠና ናይሮቢ በሄድንበት ጊዜ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጊጊሪ፣ ዩኤን ጎዳና ላይ ማታቱ እንጠብቅ ነበር። ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች ከበሩ ወጡ። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው፣ ቀጥ ብለው፣ ስብሰባ የሚሄዱ መስለው ይራመዳሉ። ዛፎቹ ጥላ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ባጃቸውን አውልቀው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ክፍተቱም ጠበበ። አብሮን የነበረው መምህር «ስካሊን አየኋት» አለ።

ስለ ናይሮቢ ካነሳን የኡሁራን ነገር እንጨምር። «ስታር ትሬክ» በ1966 ሲጀምር በመርከቧ ላይ የመገናኛ መኮንን የሆነችው ጥቁር ሴት፣ ኒሼል ኒኮልስ የተጫወተቻት፣ ስሟ ኡሁራ ነው። ካምፕ የተወለደ ሕፃን እንኳ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ «ኡሁሩ» ነጻነት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ስዋሂሊ የሚናገራት ሰው ታገኛለች። ሥራውን ልትተው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንድትቆይ እንደለመኗት ራሷ ደጋግማ ተርካለች፤ በ2022 አርፋለች። በኅዳር 1968 ኡሁራና አለቃዋ ካፒቴን ከርክ ተሳሳሙ፤ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሲሳሳሙ ከታዩባቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የነጭና የጥቁርን ጋብቻ የሚከለክሉትን የክፍለ ሀገር ሕጎች የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሻረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በክፍሉ ታሪክም በፈቃዳቸው ሳይሆን ባዕድ ፍጡራን አስገድደዋቸው ነው። ንቧ፣ ማሽኑ፣ ባዕዳኑ... በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰው በገዛ አፉ «እወድሻለሁ» ከሚል ከዋክብት መቁጠር ይቀላል።

አሁን ወደ መምህራን ክፍላችን እንምጣ፤ ስም አንጠራም፣ ትምህርት ቤቱንም አንናገርም። ሁለት ኢንሴንቲቭ መምህራን አሉ። እሱ ሒሳብ፣ እሷ ሳይንስ። ለስድስት ዓመት ጎን ለጎን ወንበር ላይ ደብተር አርመዋል። ቾክ ሲያልቅበት የሷን ይወስዳል፤ ወባ ሲይዛት ክፍሏን ይይዝላታል። ተማሪዎች በየመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ልብ ሥለው ስማቸውን ጽፈዋል፤ እኛም ሁለት ጊዜ አስጠፍተናል። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «የሥራ ባልደረባዬ ናት»፣ «የሥራ ባልደረባዬ ነው»። እርስ በርስ «ቲቸር፣ እርስዎ» ነው የሚባባሉት።

የከለከላቸው ቤተሰብም ሃይማኖትም አይደለም። ፋይል ነው። እሱ ብቻውን የተከፈተ ኬዝ አለው፤ እሷ ከእናቷና ከወንድሟ ጋር ናት። ከተጋቡ የቤተሰብ ሁኔታ ተቀየረ ማለት ነው፤ ማሳወቅ ይመጣል፣ እንደገና ኢንተርቪው ይመጣል፣ ያለቀው ሜዲካል ጊዜው ያልፋል። እናቷ ታመዋል። ስለዚህ «አንዳችን ቀድመን እንሂድ፣ ከዚያ...» ብለው ጠበቁ። ይህን ስሌት የሠሩ እነሱ ብቻ እንዳልሆኑ ታውቃላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። በአሜሪካ ሕግ ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው በገባ በ2 ዓመት ውስጥ ለባሉ ወይም ለሚስቱ በዚያው በስደተኛነት መንገድ ማመልከት የሚችለው ጋብቻው እሱ ከመግባቱ በፊት የነበረ ከሆነ ነው። «ሄጄ፣ ተመልሼ አግብቼ እወስድሻለሁ» የሚለው በሌላ ረጅም መንገድ ነው የሚሄደው። ተጋብቶ መደበቅ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ በኢንተርቪው ላይ «ነጠላ ነኝ» ያለ ሰው በኋላ «ሚስቴ ናት» ሲል ማን ያምነዋል?

እነሱ ግን አልተጋቡም፣ አልደበቁምም። ጠበቁ። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላውን ሲያግድ ትኬታቸው ከተቆረጠ በኋላ የተመለሱ ነበሩ፤ የሁለቱም ኬዝ ባለበት ቀረ። የጠበቁለት ነገር ቆመ። እኛ እንግዲህ አሁን ይነጋገራሉ ብለን ነበር። እነሱ ግን ልማድ ሆኖባቸው ይሁን፣ ወይስ ያን ሁሉ ዓመት «በምን ምክንያት ነበር?» የሚለውን መጠየቅ ፈርተው ይሁን፣ አሁንም «ቲቸር፣ እርስዎ» ናቸው።

ልጆቹ ገና ያልደረሱበትን የፊልሙን ፍጻሜ እዚህ ብንናገር ይቆጡናል፤ ግን ጥያቄውን አምጥተውብናልና ጥቂት እንበል። ስካሊ በ2000 አርግዛ ታየች፤ በ2001 ወለደች። እንዴት፣ መቼ፣ በየትኛው ማታ፣ ተመልካች አላየም። ፍቅሩን ሳያሳዩን ልጁን አሳዩን! በ2008ቱ ፊልም አንድ ቤት ይኖራሉ። በ2016 ሲመለሱ ደግሞ ተለያይተዋል፤ ግን ተመልሰው አብረው ይሠራሉ። በመጋቢት 2018 የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ ማታ ወደብ ላይ ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ሁለቱም ከሃምሳ ያለፉ ናቸው፣ እሷም እንደገና ማርገዟን ትነግረዋለች። 25 ዓመት መሆኑ ነው። እስከዚያች ደቂቃ «ሞልደር»፣ «ስካሊ» ናቸው።

ባለፈው ዓርብ ሠራተኛ ሁሉ ወጥቶ እነዚያ ሁለት መምህራን የወሩን ማርክ ሲደምሩ ቀርተው ነበር። እኛ የረሳነውን ጃንጥላ ልንወስድ ስንመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። እሱ ቁጥር እየጠራ ነው፣ እሷ ትጽፋለች። «ሰባ ሁለት፣ ስድሳ ስምንት፣ ቆይ ቆይ፣ አንቺ ይሄ ሰማንያ ነው» አለ። ብዕሯ ቆመ። ጃንጥላውን ትተን ሄድን።

በፕሮሰስ ላይ ሆናችሁ የተጋባችሁ፣ ወይም ለፕሮሰስ ብላችሁ የጠበቃችሁ አንባቢያን ያጋጠማችሁን ብትጽፉልን ስም ሳንጠቅስ እናወጣዋለን፤ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ካለው ሣጥን መክተት ይቻላል። በሚቀጥለው ዕትም ስለ 8ኛ ክፍል ልጆች የፈተና ዝግጅት እንጽፋለን።